የገና ዋዜማ አራስ በአማራት



ልጆቻችን የሚማሩባቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በታኅሣሥ መጨረሻ የሚውለውን ዕረፍት «የክረምት በዓል» ይሉታል። እዚህ ጁባ ውስጥ ይህን ያነበበ ልጅ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ለእኛ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዶፍና ጭቃ ነው። የጁባ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ አቧራና ሐሩር ነው፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ብርቅ አይደለም። በዓሉ ግን በዚሁ በጋ ላይ ይደራረባል። ታኅሣሥ 16 የአገሬው ገና፣ ታኅሣሥ 23 የእነሱ አዲስ ዓመት፣ ታኅሣሥ 29 የእኛ ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት። ትምህርት ቤቱም ዝግ ስለሆነ ልጅ ሁሉ ቤት ነው። ሰፊ ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ወር ደስታም ፈተናም ነው። በዚህ ላይ አራስ ሲጨመርበትስ?

ይህን የምለው ባለፈው 2017 ዓ.ም. ገና ጎረቤቶቼ ቤት የሆነውን ስላየሁ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱም እንዲህ ብለው ነው የፈቀዱልኝ። የሚኖሩት ጁባ ውስጥ አማራት በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙን ሲሰማ የአማራ ሰፈር የሚመስለው አለ። አይደለም፤ ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ ሕንፃዎች ማለት ነው። ካርቱምም ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ፤ ቤተሰቡም የኖረው እዚያ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በሬንክ በኩል ወጥተው፣ ማላካል ቆይተው፣ ጁባ ገቡ። አባወራው «ከአማራት ሸሽተን አማራት ገባን፤ እንግዲህ ከዚህ ስም መላቀቅ የለም» እያለ ይቀልዳል።

የቤቱ ሰው ብዛት አሥራ አንድ ነበር። አባትና እናት፣ ስድስት ልጆች፣ የአባትየው እኅት ሁለት ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አንዲት አሮጊት አክስት። ሁለት ክፍልና አንድ ዳስ። በዓል ሲመጣ አባትየው የሚደጋግማት ሌላ ቀልድም አለችው፦ «ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት፣ እኛ አሥራ አንድ ነን፤ አንዱ ብልት ባለቤት የለውም።» እናትየው ያን ጊዜ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እናትየው ሦስት ዓመት ያለፋትን ትንሿን ልጅ የወለደችው ካርቱም ነው። ያን ጊዜ ታላቂቱ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አራስ የሚጠይቅ እንጂ አራስ የሚያርስ ዘመድ አልነበረም። እናት የለችም፣ እኅት የለችም፣ ምራት የለችም። እማማም ያኔ ከእነሱ ጋር አልነበሩም። ስለዚህ ገንፎውም፣ ውኃውም፣ የሽንት ጨርቁም፣ ታናናሾቹን ማብላቱም በዚያች ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሦስት ወር ከትምህርት ቀረች፤ ዓመቱም ተበላሸባት። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። አሁን ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ገብታ የአገሪቱን የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ልትፈተን ነው። እናትየው እርግዝናው ከታወቀ ጊዜ ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «እኔን እግዚአብሔር ያውቅልኛል፤ ይህቺን ልጅ ግን ዳግመኛ አላስቀራትም።»

እኔ በመምህርነቴ ስንት ጊዜ ይህን አይቻለሁ መሰላችሁ። ወረፋ ላይ ስም ሲጠራ «ቀርታለች፣ እናቷ ወልዳለች» የሚል መልስ ይመጣል። «ቀርቷል፣ እናቱ ወልዳለች» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

በአገር ቤት አራስ ብቻዋን አትሆንም። ምጡ ሲጀምር ሴቶቹ ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ከወለደች በኋላ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎ ሊበላ ይመጣል፤ የሚመጣውም ባዶ እጁን አይደለም። ዱቄት የሚፈጭ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ አጥሚት የሚያፈላ እጅ በሽ ነው። አራሷ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ከቤት ሥራ ትድናለች። ይህ እንግዲህ ዝም ብሎ ወግ አይደለም፤ የወለደች ሴት አካል የሚጠገንበት ጊዜ ነው። በስደት የጠፋው ወጉ አይደለም፤ ገንፎው አለ፣ እልልታው አለ። የጠፋው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው።

የዚህ ቤተሰብ መላ እንዲህ ነበር። በኅዳር ወር፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ አባትየው ልጆቹን ሁሉ ሰበሰበና የብስኩት ካርቶን ቀዶ ዘረጋ። በላዩ ላይ በአንድ በኩል ሥራው፣ በሌላው በኩል ስም። እኔ ያዋጣሁት ማርከሩን ብቻ ነው። ውኃ በጀሪካን ማምጣት ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አንድ ዓመቶቹ ወንዶች። ከሰልና ገበያ ለአባት። የሽንት ጨርቅ ማጠብ ለአሥራ አራት ዓመቱ የአክስታቸው ልጅ። (ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደተለዋወጠ ብታዩ!) ትንሿን መያዝ ለዘጠኝና ለአሥር ዓመቶቹ ሴቶች በየተራ። የሰባት ዓመቱ ልጅ «እኔስ?» ብሎ ቢያለቅስ ጫማ መደርደር ተሰጠው። ገንፎ ማማሰል ላይ ሲደርሱ ዝም ተባለ። እማማ «ወንድ ልጅ ገንፎ ሊያገነፋ ነው? ኧረ ጉድ ነው!» አሉ። አባትየው ግን የታላቂቱን ስም እዚያ መስመር ላይ አልጻፈም። የአሥራ ሦስት ዓመቱን ጻፈ። ለታላቂቱ የተጻፈላት እሑድና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቦታ ላይ «ትምህርት» ተብሎ ተሞላ።

ምጡ የመጣው ታኅሣሥ 28 ቀን ማታ፣ ሰኞ፣ ልክ በዋዜማው ነው። ግማሹ ቤተሰብ ለማኅሌቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ዶሮው ተገንጥሎ፣ ድስቱ ከሰል ላይ ሊጣድ ሲል እናትየው ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ግቢው ውስጥ ካሉት ጎረቤቶች አንዷ ደቡብ ሱዳናዊት ናት፣ አንዷ ኤርትራዊት ናት። ሁለቱም ሳይጠሩ መጡ። ኤርትራዊቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ማርያም ማርያም» ስትል፣ ደቡብ ሱዳናዊቷ መኪና ያለው ዘመዷ ዘንድ በጁባ ዐረብኛ እየጮኸች ደወለች። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ስልኩ ሲመጣ ግቢው በእልልታ ተናጋ። እማማ «ለሴት ሦስት ነው፤ ሰባት ለወንድ ነው» ብለው ሊያስቆሙ ሞከሩ። ማን ሰምቷቸው! እኔ እስከ ዘጠኝ ቆጥሬአለሁ። በማግስቱ ዶሮው ሲወጣ አባትየው አንዷን ብልት ለብቻ አስቀመጠ፤ ስለ አሥራ ሁለተኛው ብልትም ከዚያ ወዲህ አልቀለደም።

አሁን ወደ አራስ ቤቱ እንግባ። እናቶች በተለይ እዚህ ላይ ብታተኩሩ ደስ ይለኛል።

እማማ በዕድሜ የገፉ፣ ስንት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ግን ሁለት ነገር ላይ ከአዋላጇ ጋር አልተስማሙም። አንደኛው እንገሩ ነው። በብዙ አገራችን መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወተት ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ሕፃኑ እስከዚያ ቅቤ ይዋጣል። አዋላጇ ግን ሕፃኗን በተወለደች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት አስያዘቻት። እንገሩ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ፣ ከክትባት በፊት የመጀመሪያው ክትባት የሚባል ነው። ቅቤው ደግሞ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ውኃ ነው። በዚህ ሐሩር «ልጅቷ ጠማት፤ በማንኪያ ስኳር ያለው ውኃ እንስጣት» ማለት ከደግነት የመጣ ነው። የጡት ወተት ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላ ድረስ በሙቀትም ቢሆን ከጡት ወተት ሌላ ውኃ እንኳን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ውኃ መጠጣት ያለባት እናትየው ናት። ንጽሕናው ያልተረጋገጠ የጀሪካን ውኃ ለሕፃን መስጠት ተቅማጥ መጋበዝ ነው።

የአራስ ቤቱን መስኮት መዝጋትም ለደጋ አገር የተበጀ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ይገባል ተብሎ ይዘጋል። ጁባ በጥር ወር መስኮት ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ግን ጭሱም ሙቀቱም ሕፃኑን ይጎዳል። እማማ በመጨረሻ መስኮቱን ከፈቱት። ከራስጌው ያስቀመጡትን ቢላ ግን አላነሡም፤ ማንም እንዲያነሡት አልጠየቃቸውም፤ ከልጆች እጅ እስከራቀ ድረስ ቢላው ምንም አላደረገ።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ገንፎ የመጀመሪያው ቀን እንደ ድንጋይ ጓል ጓል ነበር። አራሷ ግን በላችው። በሦስተኛው ቀን እማማ ራሳቸው ማማሰያውን ተቀብለው «እንዲህ ነው፣ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ አትሙላው» እያሉ ሲያሳዩት አገኘኋቸው። በሳምንቱ መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ማፍሰስን ለምዶ፣ እንግዳ ሲመጣ «ገንፎው የእኔ ነው» ማለት ጀመረ።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ አለ። አባትየው በሦስተኛው ቀን የልደት ማስረጃ ሊያወጣ ሄደ። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም፤ ሦስት ጊዜ አመላልሰውታል። አንደኛው ችግር ስም ነው። እኛ ልጅን ለክርስትናው እስኪደርስ ድረስ «ማሙሽ፣ ሚሚ» እያልን እናቆያለን። ወረቀቱ ላይ ግን የእናትየው ስም ተጽፎ «የእርሷ ሕፃን» ተብሎ ይቀራል፤ በኋላ ማስተካከሉ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ስም የሚሉት ነው። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ጸሐፊው አንዱን ልጅ በአያት ስም፣ ሌላውን በአባት ስም ከመዘገበ፣ ነገ አንድ ቤት ያደጉ እኅትና ወንድም በወረቀት ባዳ ይሆናሉ። ስለዚህ አባትየው ምን አደረገ? በዚያው ማታ አገር ቤት ላሉት አያት ደወለና ስም አወጡ። አያትዬዋ «መጽናኛ» አሉ፣ እናትየው «ልደት» አለች፣ ልጆቹ ደግሞ የዘፋኝ ስም ጠሩ። በመጨረሻ ከሦስቱም ያልሆነ ስም ጸደቀ። የክርስትና ስሟ እንደሆነ በኋላ ካህኑ ነው የሚያወጣላት፤ ለዓለም ስም ሰማንያ ቀን የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። ከዚያ የታላላቆቿን ወረቀት ሁሉ ይዞ ሄዶ፣ ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ አደረገ።

«ለስደተኛ ልጅ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የዓለም የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ማንኛውም ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው ሊመዘገብ ይገባዋል ይላል፤ ስደተኛና ዜጋ ብሎ አይለይም። ደቡብ ሱዳን ይህን ስምምነት በ2015 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። በአገራችንም በኩል የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ እንኳን ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ታዲያ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ የሚያሳየው ያቺው ወረቀት ናት። በካምፕ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል፦ ሕፃኑ በቤተሰቡ የስደተኛ ምዝገባ ላይ ካልተጨመረ በወረቀት እንዳልተወለደ ነው፤ በቤተሰብ ቁጥር የሚሰጥ ነገር ሲመጣም አይቆጠርለትም። ማስረጃውን ይዛችሁ ለስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽንና ለዩኤንኤችሲአር መዝጋቢዎች በጊዜ አሳውቁ። የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታም እንደተወለደ የሚሰጥ ነውና የክትባት ካርዱን ከዚያው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ።

ጥምቀት ሲደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። በሱዳን ዋድ መደኒ ደቡብ ሱዳናውያን ተገደሉ የሚል ወሬ ተሰምቶ፣ ጥር 8 ቀን ጁባ ውስጥ በሱዳናውያን ነጋዴዎች ሱቆች ላይ ዝርፊያ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። በማግስቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሰዓት እላፊ ታወጀ። ቤተሰቡ በዱቤ ዱቄትና ስኳር የሚወስድበት ሱቅ ባለቤት የዳርፉር ሰው ነው፤ ሱቁ ተዘጋ። ከተራ ጥር 10 ቀን ነበር። ታቦት አጅቦ ማደር የለመደ ሕዝብ በየቤቱ ተቀመጠ።

በዚያው በከተራ ሌሊት፣ በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አራሷን ትኩሳት ያዛት፤ ተንቀጠቀጠች። እማማ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ፈለጉ። ጁባ ላይ ዳማከሴ ከየት ይመጣል? ታላቂቱ ልጅ ግን «በአራስ ላይ ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ቤት ነው የተባለው» ብላ አልለቅም አለች። ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ነው፤ መንገድ ዝግ ነው። ያቺ ደቡብ ሱዳናዊት ጎረቤት ፖሊስ የሆነ ወንድሟን ጠራችው። በእግሩ መጣ፤ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከፊት ተቀመጠና ኬላዎቹን ሁሉ እያናገረ ሆስፒታል አደረሳት። ወባ ነበር። መድኃኒቱን ጀምራ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ይህን በተለይ የጻፍኩት ለሁለት ነገር ነው። በአራስ ላይ ትኩሳት፣ ብዙ ደም፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም መንዘፍዘፍ ከታየ የሚነጋ ሌሊት አይጠበቅም። ሁለተኛው፣ ስለ አገሬው ሰው ክፉ ሲወራ የዚያን ሌሊቱን ፖሊስም አስቡት። አጎበርማ ከዚያ በኋላ ነው የተሰቀለው፤ ከመውለዷ በፊት መሰቀል ነበረበት።

የካቲት ሲገባ ትምህርት ተጀመረ። ታላቂቱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ማርከሩ ደብዝዟል። አንድ ሁለት ጊዜ ሊፈርስ ሲል አይቻለሁ፤ የሽንት ጨርቅ አጣቢው «ጓደኞቼ ሳቁብኝ» ብሎ አምጿል፤ እናትየውም ራርታ «ተዪው፣ ዛሬ አንቺ እጠቢው» ልትል አፏን ከፍታ አባትየው በዓይኑ ከልክሏታል። በየካቲት አጋማሽ ሙቀቱ በርትቶ ተማሪዎች በየክፍሉ እየወደቁ ስለነበር መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘጋ። ያን ጊዜ ልጅቷ ቤት ዋለች። ሕፃኗን እያቀፈች በአንድ እጇ ሒሳብ ስትሠራ መጥቼ አግኝቻታለሁ። ትምህርቱ ሲከፈት ግን ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች አንዷ ነበረች።

ሰማንያው ቀን መጋቢት 17 ዋለ፤ ረቡዕ። በገና ዋዜማ የተወለደች ሴት ልጅ ክርስትናዋ መቼም ከዐቢይ ጾም አያመልጥም፤ ብትቆጥሩት በየትኛውም ዓመት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ድግሱ ሽሮ፣ አዚፋና ጎመን ሆነ። ጤፉ ውድ ስለነበር እንጀራው ከማሽላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ተጋገረ። ያ ወር ጁባ የተጨነቀችበት ወር ነበር፤ በዚያው ዕለት ማታም ተቀዳሚ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ሪክ ማቻር በቤታቸው በቁም እስር ዋሉ። እኛ ግን ወሬው ሳይሰማ ገና በጠዋቱ ተጠራርተን በልተን ነበር። ሁለቱ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ኤርትራዊቷ የክርስትና እናት ሆነች። አራሷ ከሰማንያ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ነጭ ለብሳለች፣ ፊቷ ሞልቷል። እማማ ስለ ገንፎው ሰው ሲጠይቃቸው የአሥራ ሦስት ዓመቱን ልጅ በጣታቸው ያሳያሉ።

ታላቂቱ ልጅ ድግሱ ላይ አልነበረችም። ቅዳሴው እንዳለቀ ነጠላዋን ለአጎቷ ልጅ አቀበለች፤ ከሥሩ ዩኒፎርሟን ለብሳ ነበር የመጣችው። ሕፃኗን ሳመቻትና በቦዳ ቦዳ ወጣች። በሦስት ሰዓት የሳይንስ ፈተና ነበራት።